የመፀው ሰማይ መንገደኞች፦ የአዳኝ አእዋፍ ቆጠራ ታሪካዊ ቅኝት

ክረምቱ ወጥቶ መፀው ሲገባ የሰሜኑ ዓለም ብርድ ይጀምረዋል። ንስሩ፣ ጭልፊቱና ጥንብ አንሳው ከአውሮፓ፣ ከእስያና ከሰሜን አሜሪካ እየተነሡ ወደ ሞቃቱ ደቡብ ይፈልሳሉ። የሰው ልጅ ይህን ጉዞ ከጥንት ጀምሮ ሲያይ ኖሯል፤ በሥርዓት መቁጠር ከጀመረ ግን ገና መቶ ዓመት አልሞላውም። ይህ ቅኝት የቆጠራውን ታሪክ ከመነሻው እስከ ዛሬ ይከተላል፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ዘመን የመመልከት ዘመን ነው። መጽሐፈ ኢዮብ ጭልፊት ክንፉን ወደ ደቡብ እንደሚዘረጋ ያወሳል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ 2ኛ በአዳኝ ወፎች ስለ ማደን በጻፈው መጽሐፍ ስለ ፍልሰትም ሰፊ ምልከታ አስፍሯል። እነዚህ ምስክርነቶች ወፎቹ መቼና ወዴት እንደሚሄዱ ይነግሩናል። ስንት እንደነበሩ፣ ይበዙ ወይም ይቀንሱ እንደሆነ ግን አይነግሩንም።

ሁለተኛውን ዘመን የወለደው የጠመንጃ ተኩስ ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ አዳኝ ወፍ የዶሮና የአደን እንስሳት ጠላት ተደርጎ ይታይ ነበር። የፔንሲልቫኒያ ግዛት በ1929 ጎሻውክ የተባለውን ጭልፊት ለገደለ ሰው 5 ዶላር ሽልማት ደነገገ። በኪታቲኒ የተራራ ሰንሰለት ላይ ተኳሾች በየመፀው እየወጡ ጫፉን ታክከው የሚያልፉትን ወፎች በገፍ ይጥሉ ነበር። በ1934 ሮዛሊ ኤጅ የተባለች የተፈጥሮ ጥበቃ ተሟጋች 1,400 ኤከር የሚያህለውን ቦታ ተከራይታ አደኑን አስቆመች፤ ሞሪስ ብራውንንም በጠባቂነት አስቀመጠች። ብራውን በዚያው መፀው የሚያልፉትን ወፎች ይመዘግብ ጀመር። ዛሬ ሆክ ማውንቴን በሚል ስም የሚታወቀው ይህ መጠለያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ከደረሰበት መቋረጥ በቀር ቆጠራውን እስከ አሁን ቀጥሏል።

የመዝገቡ ዋጋ ጎልቶ የወጣው ከሩብ መቶ ዓመት በኋላ ነበር። ከ1935 እስከ 1939 በተራራው ላይ ከታዩት ነጭ ራስ ንስሮች መካከል 40 በመቶው ወጣት ነበሩ፤ ከ1955 እስከ 1959 ባለው ጊዜ ይህ ድርሻ ወደ 20 በመቶ ወረደ። አዋቂዎቹ እየበረሩ ሳለ ተተኪው ትውልድ መንምኗል ማለት ነው። ራቸል ካርሰን በ1962 ባሳተመችው፣ ስለ ፀረ ተባይ መርዝ በሚያስጠነቅቀው መጽሐፏ ይህንኑ አኃዝ በማስረጃነት አቀረበች። ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ መድኃኒት የንስሮችንና የጭልፊቶችን እንቁላል ቅርፊት እንደሚያሳሳም ምርምር አረጋገጠ። አሜሪካ መድኃኒቱን በ1972 አገደች፤ ነጭ ራስ ንስርም አገግሞ በ2007 ለመጥፋት ከተቃረቡ እንስሳት መዝገብ ወጣ። በአጭሩ፣ ወፎቹን ከጥይት ለማዳን የተጀመረው ጥበቃ የመርዙን ጉዳት ለማጋለጥ ረድቷል።

ከ1970ዎቹ ወዲህ ያለው ሦስተኛው ዘመን የመተሳሰር ዘመን ነው። በስዊድን ደቡባዊ ጫፍ በፋልስተርቦ መደበኛው ቆጠራ በ1973 ተጀመረ፤ በቀጣዩ ዓመት የሰሜን አሜሪካ ቆጣሪዎች በአንድ ማኅበር ተደራጁ። እስራኤል ውስጥ ፍልሰቱን ያጠኑት ተመራማሪዎች ለአየር ኃይሉ ባቀረቡት መረጃ የተዋጊ አውሮፕላኖችና የወፎች ግጭት በእጅጉ ቀነሰ። በ1990ዎቹ በሜክሲኮዋ ቬራክሩዝ በአንድ መፀው ከ4 ሚሊዮን በላይ አዳኝ ወፎች እንደሚያልፉ ታወቀ። በጥቁር ባሕር ዳርቻ በጆርጂያዋ ባቱሚ ደግሞ በ2008 የተጀመረው ቆጠራ በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ይመዘግባል።

እነዚህን ቦታዎች የሚያገናኛቸው መልክዓ ምድር ነው። ሰፊ ክንፍ ያላቸው ወፎች ጉልበት የሚቆጥቡት ፀሐይ ካሞቀችው መሬት በሚነሣው አየር ላይ ተንሳፍፈው በመውጣት ነው። ባሕር ላይ ይህን የመሰለ አየር ስለማያገኙ በየብስ መተላለፊያዎችና በጠባብ ወሽመጦች ይከማቻሉ። የቆጣሪውም ጥበብ ከዚህ ይነሣል። ወፎቹ እየተሽከረከሩ ወደ ላይ ሲወጡ ስለሚደበላለቁ ቆጣሪው ይታገሣል። ከፍታው ጫፍ ላይ ደርሰው ክር ላይ እንደተሰካ ዶቃ አንድ በአንድ ወደ ደቡብ መንሸራተት ሲጀምሩ በመነጽሩ አንድ መስመር ይይዝና መስመሩን ያለፈውን ሁሉ ይቆጥራል፤ ሲበዙበት በአሥር በአሥር ያደርገዋል። በየሰዓቱም ዓይነታቸውን፣ ነፋሱንና ደመናውን ይጽፋል።

የዚህ ሁሉ ጉዞ አንዱ በር የእኛው ደጃፍ ነው። ከየመን ወደ ጅቡቲ የሚያሻግረው የባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በ1987 መፀው በጅቡቲ በኩል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ240,000 በላይ አዳኝ ወፎች ተቆጥረዋል፤ ከእነዚህም ከ76,000 የሚበልጡት በመካከለኛው እስያ ሜዳዎች የሚዋለዱ ንስሮች ነበሩ። ይህ የንስር ዝርያ በ2015 ለመጥፋት ከተቃረቡት መካከል ተመድቧል። በባልካንና በቱርክ የሳተላይት መከታተያ የተገጠመላቸው የግብጽ ጥንብ አንሶችም አፋርና አዋሽ ድረስ ወርደው የብርዱን ወራት እንደሚያሳልፉ ተረጋግጧል። እዚህ ከሚጠብቃቸው አደጋ አንዱ አርፈውበት ሳለ የሚገድላቸው የኤሌክትሪክ ምሰሶ ነው።

ታሪኩ ሲጠቃለል ሦስት እርምጃ አለው፦ ተመለከትን፣ ቆጠርን፣ ቆጠራችንን አስተሳሰርን። ሦስቱም ዘመናት የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፤ የአንድ ዓመት ቆጠራ ወሬ ነው፣ በአንድ ቦታና በአንድ ዘዴ ለዓመታት የዘለቀ ቆጠራ ግን ማስረጃ ነው። የሰሜኑ ዓለም ዘጠና ዓመት የተሻገረ መዝገብ ሲኖረው፣ ወፎቹ በሚያርፉበት በአፍሪካ ቀንድ እንዲህ ያለ መዝገብ የለንም። በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር፣ በስምጥ ሸለቆ ዙሪያ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችና የጅቡቲ ባልንጀሮቻቸው በአንድ ቋሚ ስፍራ በየመፀው የሚደገም ቆጠራ ቢያቋቁሙ ብዙ ገንዘብ አይጠይቃቸውም። የሚያስፈልገው ጥቂት የሠለጠኑ ዓይኖች፣ መነጽርና የማይታጠፍ መዝገብ ነው። ሥራው በመጪው መስከረም ይጀመር።