የጥቁር ቀለበት ምልክት

ሐኪሞች «ሄሎ ሳይን» የሚሉትን ምልክት በአማርኛ «የጥቁር ቀለበት ምልክት» ልንለው እንችላለን። በጆሮ ግንድ በኩል ወደ አናት የሚወጣው ደም ቅዳ ቧንቧ በአልትራሳውንድ ሲታይ፣ ዙሪያውን የከበበው ጥቁር ክብ ነው። የቧንቧው ግድግዳ ተቆጥቶ ማበጡን ይናገራል።

«ሄሎ» ጨረቃን የሚከባት ክብ ወይም በቅዱሳን ሥዕል ላይ በራስ ዙሪያ የሚሳለው ብርሃን ስለሆነ፣ «አክሊለ ብርሃን» ማለት የሚቀናው ይኖራል። ይህኛው ግን አያበራም። ያበጠ ግድግዳ ፈሳሽ ስለሚቋጥር የመሣሪያውን ድምፅ በደንብ አይመልስም፤ ስለዚህም ይጠቁራል። በመሃሉ የሚፈሰው ደም ደግሞ ዶፕለር በተባለው የአልትራሳውንድ ዘዴ አማካይነት በቀለም ይታያል። ስሙም የሚታየውን መምሰል አለበት።

ቀለበቱ የሚጠቁመው በሽታ የደም ሥር ብግነት ዓይነት ሲሆን በአብዛኛው ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆኑትን ያጠቃል። ወደ ዓይን የሚሄደው ደም ከተቋረጠ የዓይን ብርሃን በድንገት ይጠፋል፤ የጠፋውም አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም።

እ.ኤ.አ. በ1890 እንግሊዛዊው ሐኪም ጆናታን ሀቺንሰን በራሱ ላይ ቀያይ ሰንበሮች ወጥተውበት ከሕመሙ የተነሣ ባርኔጣ ማድረግ ስላቃተው ሽማግሌ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1932 በአሜሪካ የማዮ ክሊኒኩ ባያርድ ሆርተንና ባልደረቦቹ ከቧንቧው ናሙና ቆርጠው ብግነቱን በማይክሮስኮፕ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ዋናው ማረጋገጫ ይኸው ቢላዋ የሚጠይቅ ምርመራ ነበር። ይሁንና ብግነቱ ቧንቧውን የሚነካው እያለፈ እያለፈ በመሆኑ፣ የተቆረጠችው ቁራጭ ጤነኛ ልትሆን ትችላለች።

እ.ኤ.አ. በ1997 የበርሊኑ ሐኪም ቮልፍጋንግ ሽሚትና ባልደረቦቹ ሌላ መንገድ አሳዩ፦ በሽታው ካለባቸው 30 ሰዎች በ22ቱ ላይ ጥቁሩን ቀለበት አዩ። ስቴሮይድ የተባለው መድኃኒት ሲጀመርም ቀለበቱ በአማካይ በ16 ቀን ጠፋ። ምርመራው ፈጥኖ መደረግ ያለበት ለዚህ ነው፤ ይሁን እንጂ ጥርጣሬው ጠንካራ ከሆነ ለምርመራ ተብሎ መድኃኒቱ አይዘገይም። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባደሰው መመሪያ አልትራሳውንድን በቅድሚያ የሚደረግ የምስል ምርመራ አድርጎታል። ሆኖም የደም ሥር መጠንከርም ተመሳሳይ ክብ ሊያሳይ ስለሚችል የሠለጠነ ዓይን ይጠይቃል።

አልትራሳውንድ ለእርግዝና ብቻ አይደለም፤ ይህን በሽታ ለመለየትም ይጠቅማል። ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ እናትዎ ወይም አባትዎ ከዚህ በፊት የማያውቁት ራስ ምታት ከጀመራቸው፣ ፀጉራቸውን ሲያበጥሩ ካመማቸው፣ ቆሎ ሲቆረጥሙ መንጋጋቸው ከዛለ ወይም ዓይናቸው ብዥ ካለ፣ ያልፋል ብለው አያሳድሩ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው።