ሙያ በልብ፦ ሳይመረቅ የልብ ቀዶ ሐኪሞችን ያስተማረው ሰው

ኖቬምበር 29 ቀን 1944 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል፣ አይሊን ሳክሰን የተባለች የ15 ወር ሕፃን ለቀዶ ሕክምና ተኛች። ከልቧ ወደ ሳንባዋ የሚሄደው ደም በቂ ስላልነበረ ከንፈሯና ጥፍሮቿ ሰማያዊ ሆነዋል። ቢላዋውን የያዘው የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ኃላፊ አልፍሬድ ብላሎክ ነው። ከጀርባው ደግሞ አንድ ጥቁር ሰው መርገጫ ላይ ቆሞ በትከሻው በኩል ይመለከታል። ብላሎክ ስፌቱን በየት በኩል እንደሚያስኬድ ግራ ሲገባው የሚጠይቀው ይህን ሰው ነበር።

ሰውየው ቪቪየን ቶማስ ይባላል። ሐኪም አልነበረም፤ የኮሌጅ ዲግሪ እንኳ አልነበረውም።

ቶማስ በ1910 ሉዊዚያና ተወልዶ ናሽቪል አደገ። አባቱ አናጢ ነበር፤ እሱም በእንጨት ሥራ ሳንቲም እያጠራቀመ ኮሌጅ ሊገባ፣ ከዚያም ሐኪም ሊሆን ያስብ ነበር። የ1929ኙ የኢኮኖሚ ቀውስ ሲመጣ ሥራው ተቋረጠ። በ1930 ለጊዜው ብሎ በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ በብላሎክ ቤተ ሙከራ ረዳትነት ተቀጠረ። ብዙም ሳይቆይ ገንዘቡን ያስቀመጠበት ባንክ ከሰረና ጥሪቱ ሁሉ ጠፋ። ለጊዜው የያዘው ሥራ ዕድሜ ልኩን ያዘው።

በቤተ ሙከራው እንስሳትን ራሱ ቀዶ ማከም፣ ውጤቱን መመዝገብ፣ መሣሪያ ማበጀት ያዘ። አደጋ የደረሰበት ሰው የሚሞተው በአብዛኛው ደምና ፈሳሽ ስለሚጎድለው መሆኑን ባሳየው የብላሎክ ጥናት ውስጥ የቶማስ እጅ ነበረበት። በደመወዝ መዝገቡ ላይ ግን የጽዳት ሠራተኛ ተብሎ ነው የተጻፈው።

ብላሎክ በ1941 ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ሲዛወር ቶማስን ይዞ ሄደ። እዚያ የነበሩት ጥቁር ሠራተኞች በጽዳትና በመሳሰለው ሥራ ላይ ነበሩ፤ መጸዳጃ ቤቱም በቀለም የተለየ ነበር። ቶማስ ነጭ ጋውን ለብሶ በኮሪደሩ ሲያልፍ ሰው ቆሞ ያየው ነበር።

የሕፃናት የልብ ሐኪሟ ሔለን ታውሲግ በ1943 ጥያቄዋን ይዛ መጣች፦ ለእነዚህ ሰማያዊ ለሚሆኑ ልጆች ተጨማሪ ደም ወደ ሳንባ ማድረስ አይቻልም ወይ? መልሱን የመፈለጉ ድካም ቶማስ ላይ ወደቀ። መጀመሪያ የልጆቹን ዓይነት ችግር በውሻ ላይ መፍጠር፣ ከዚያ መልሶ መጠገን ነበረበት። ወደ 200 የሚጠጉ ውሾች ላይ ተሠራ። ዘዴው ወደ ክንድ የሚሄደውን የደም ቧንቧ አዙሮ ወደ ሳንባ ከሚሄደው ጋር መስፋት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ቀጭን ስፌት የሚሆን መርፌ ስላልነበረ፣ የአናጢው ልጅ መርፌዎቹን ራሱ አሳጥሮ ሳላቸው። ብላሎክ ግን ውሻ ላይ ይህን ሥራ የሞከረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መርገጫው ለምን እንዳስፈለገ ከዚህ ይገባል።

አይሊን ለጥቂት ወራት ተሻላት፤ በኋላ ችግሩ ሲመለስ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት አረፈች። ከእሷ ቀጥሎ የመጡት ግን ዳኑ፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ባልቲሞር ጎረፉ። በ1945 የወጣው ጽሑፍ የብላሎክንና የታውሲግን ስም ይዞ ወጣ፤ ሕክምናውም በሁለቱ ስም ተጠራ። የቶማስ ስም በጽሑፉ ውስጥ የለም።

የእኛ ሰው ሙያ በልብ ነው ይላል። ቶማስም ዝምተኛ ነበር፤ ግን ሙያውን የደበቀው እሱ ብቻ አልነበረም።

ብላሎክን በአንድ ቃል መፍረድ ያስቸግራል። ቶማስ ከጎኑ ካልቆመ የማይሠራ፣ በኋላም ደመወዙን ያስጨመረለት ሰው ነው። ሆኖም ቶማስ ቤተሰቡን ለማስተዳደር ተጨማሪ ሥራ ሲፈልግ፣ ብላሎክ በሚያዘጋጀው ግብዣ ላይ መጠጥ ይቀዳ ነበር። ቀን ስፌት ያስተማራቸው ሐኪሞች ማታ ብርጭቆ ይዘረጉለታል። በዚያ ትውልድ ከእሱ ከተማሩት አንዱ፣ በመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ላይ ተለማማጅ ሐኪም ሆኖ የተገኘው ዴንተን ኩሊ፣ በ1969 ሰው ሠራሽ ልብ በሰው ላይ በመግጠም የመጀመሪያው ሆኗል።

ይህን ታሪክ የጣረ ይደርሳል ለማለት የሚተርኩት ብዙ ናቸው። ቶማስ ግን አልደረሰም። በ1947 ኮሌጅ ለመግባት ሞክሮ፣ የሠራው ሁሉ እንደማይቆጠርለትና ከመጀመሪያው ዓመት መጀመር እንዳለበት ተነገረው። ሲያሰላው ሐኪም ሆኖ የሚወጣው በ50 ዓመቱ ነው። ተወው። የጎደለው ጥረት ወይም ችሎታ ሳይሆን ወረቀት ነበር፤ ወረቀቱ የሚሰጥበት በር ደግሞ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው ተዘግቶበታል። ብላሎክን የመሰለ የሚፈልጋቸው ሰው ያላገኙ ሌሎች የአናጢ ልጆች ስንት ነበሩ? እነሱን የሚቆጥር መዝገብ የለም።

ብላሎክ በ1964 ሞተ። በ1971 ከቶማስ የተማሩት ቀዶ ሐኪሞች ሥዕሉን አሠርተው ከብላሎክ ሥዕል አጠገብ እንዲሰቀል አደረጉ። በ1976 ዩኒቨርሲቲው የክብር ዶክትሬት ሰጠው፤ በሕክምና ትምህርት ቤቱም በቀዶ ሕክምና መምህርነት ተሾመ። ያኔ 65 ዓመቱ ነበር። ዶክትሬቱ ግን የሕክምና አልነበረም፤ የሕግ ነው።