የአንዱ ቤት ጉዳይ በአገር ሁሉ ድምፅ

ስለ ቤተሰባችሁ ጉዳይ አገር በሙሉ ድምፅ ሊሰጥ ወጣ እንበል። እናንተም ትመርጣላችሁ፤ ነገር ግን ከመቶው ሰው እናንተና ዘመዶቻችሁ አራት እንኳ አትሞሉም። የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2023 የገጠማቸው ይኸው ነበር።

ጥያቄው እነርሱን ወክሎ ፓርላማውንና መንግሥትን የሚያማክር አካል በሕገ መንግሥቱ ይስፈር ወይ የሚል ነበር። ምክሩ አስገዳጅ አልነበረም። ሆኖም ከመቶ 60 ያህሉ «አይሆንም» አለ፤ ስድስቱም ክፍለ ግዛቶች እንዲሁ። በ1967 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ግን ከመቶ 90 በላይ የሚሆነው መራጭ፣ የሕዝብ ቁጥር ሲሰላ አቦሪጂኖች አይቆጠሩም ይል የነበረውን አንቀጽ 127 ለመሰረዝ ተስማምቶ ነበር። (ብዙዎች የመምረጥ መብትም ያን ቀን የተገኘ ይመስላቸዋል፤ በፌዴራል ምርጫ ሁሉም እንዲመርጡ የተፈቀደው ግን በ1962 ነው።)

ልብ በሉ፤ ሰውን የሚያቆስለው ውጤቱ ብቻ አይደለም፣ የክርክሩ አኳኋንም ጭምር ነው። አንድ አቦሪጂን ሠራተኛ ሻይ ሊጠጣ በተቀመጠ ቁጥር «እናንተ ደግሞ ምን ጎደላችሁ?» እየተባለ ወራት ሙሉ መልስ ሰጪ ሲሆን አስቡት። ጠያቂው ክፋት ላይኖረው ይችላል። ለእርሱ ወግ ነው፤ ለተጠያቂው የአያቶቹ ቁስል ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ኢሪሃፔቲ ራምስደን የተባሉ የኒውዚላንድ ማኦሪ ነርስ ከባልደረቦቻቸው ጋር «የባህል ደኅንነት» የሚል ሐሳብ አስፋፍተው ነበር። ፍሬ ነገሩ፣ አገልግሎቱ ክብርን የጠበቀ መሆን አለመሆኑን የሚፈርደው ሰጪው ሳይሆን ተቀባዩ ነው የሚል ነው። በክርክርም ሚዛኑ ይህ ቢሆን መልካም ነበር።

ደግሞም የሰውን ድምፅ ከመልኩ ማንበብ ራሱ ንቀት ነው። ከነባር ሕዝቦች የተወለዱት ሴናተር ጃሲንታ ናምፒጂንፓ ፕራይስ «አይሆንም» ብለዋል፤ ሴናተር ሊዲያ ቶርፕም ፍጹም በተለየ ምክንያት እንዲሁ ብለዋል። አብዛኛው ነዋሪ አቦሪጂን በሆነባቸው ብዙ ሩቅ የምርጫ ጣቢያዎች ግን «አዎ» በልጧል።

እኛን ሙስሊሞችን የሚነካ አንድ ነገር ላክል። ከሱላዌሲ ደሴት የሚነሡ የማካሳር ሙስሊም መርከበኞች ቢያንስ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን እስከ 1907 ድረስ ወደ ሰሜን አውስትራሊያ ይመላለሱ ነበር። ከዮልንጉ ሕዝብ ጋር ይነግዱ ነበር፤ ነፋሱ ሲዞር ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ግጭት አልነበረም ማለት አይደለም። ይሁንና ዮልንጉዎች ዛሬም ገንዘብን «ሩፒያ» ይሉታል።

ከምርጫው በኋላ «አዎ»ን የደገፉ የነባር ሕዝቦች መሪዎች የአንድ ሳምንት ዝምታ አወጁ፤ ባንዲራቸውም ዝቅ ብሎ እንዲውለበለብ ጠየቁ።