ከመርከቡ መውጣት

የኖኅን ታሪክ ከልጅነታችሁ ጀምሮ ሰምታችኋል። መርከቡን፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው የገቡትን እንስሳት፣ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት የዘነበውን ዝናብ ታውቃላችሁ። አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው እናልፋለን። ኖኅ ዝናቡ ስለ ቆመ ብቻ አልወጣም። በዘፍጥረት ምዕራፍ 8 እንደምናነበው መጀመሪያ ቁራ፣ ቀጥሎም ርግብ ላከ። ሰባት ቀን ጠብቆ ርግቧን ደግሞ ላከ፤ አሁንም ሰባት ቀን ጠበቀ። በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ቀን የመርከቡን ክዳን አንሥቶ ውኃው መጉደሉን በዓይኑ አየ። “ውጣ” የተባለው ግን ከዚያም በኋላ ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነበር። መግባቱ በአንድ ቀን ተፈጸመ፤ መውጣቱ ወራት ፈጀ።

ይህ ጽሑፍ ስለ መውጣት ነው። ስለ ኮሮና ስናወራ ሁላችንም የምናስታውሰው የተዘጋበትን ጊዜ ነው። የተከፈተበትን ጊዜ ግን ማንም አይተርክልንም። የተምታታብንና እርስ በርስ የተፈራረድንበት ግን ያ ጊዜ ነው።

ሲዘጋ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ፣ ትልልቅ ስብሰባዎችም እንዲቆሙ ተወሰነ። በዚያው ወር የየብስ ድንበሮች ተዘጉ። መጋቢት 27 የመጀመሪያው ሞት ተሰማ። መጋቢት 30 መንግሥት ለአምስት ወር የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። አዋጁን ለማስፈጸም የወጣው ደንብ ቁጥር 466/2012 አራትና ከዚያ በላይ ሰዎች በአንድ ቦታ እንዳይሰበሰቡ፣ ማንም እንዳይጨባበጥ፣ የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ እንዲጭን፣ ሰው በሚበዛበት ቦታም ማስክ እንዲደረግ አዘዘ። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን ትንሣኤ ብዙዎቻችን ያከበርነው ከጉባኤ ርቀን፣ በየቤታችን ነው።

ልብ በሉ፤ አዋጁ በወጣበት ዕለት በአገሪቱ በምርመራ የተረጋገጡት ታማሚዎች ሃምሳ ያህል ብቻ ነበሩ። ቢሆንም ሕዝቡ ፈራ፤ ስለ ፈራም ታዘዘ። በየበሩ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ቆመ። ጤና ሚኒስትሯ ዶክተር ሊያ ታደሰ “ባለፉት 24 ሰዓታት” ብለው የሚያሳውቁትን ቁጥር ለመስማት ቤተሰብ ሁሉ ጆሮውን ይሰጥ ነበር።

ሲከፈት

አምስቱ ወር ያበቃው በ2013 አዲስ ዓመት ዋዜማ ነው። አዋጁ አልታደሰም። በመስከረም ወር የጤና ሚኒስቴር መመሪያ ቁጥር 30/2013 ወጣ። በጥቅምት ትምህርት ቤቶች በየደረጃው ይከፈቱ ጀመር። ታክሲውም ሞልቶ መሄድ ጀመረ።

ታዲያ በዚያን ሰሞን የታማሚው ቁጥር ስንት ደርሶ ነበር? ከ50 ሺህ አልፎ ነበር። ሃምሳ ሰው ሲታመም ዘጋን፤ ሃምሳ ሺህ ሲታመም ከፈትን። አንዲት እናት “እንግዲህ ያኔ ያስፈራራችሁን በከንቱ ነው ወይስ አሁን የምትለቁን ለሞት ነው?” ብትል ማን ይፈርድባታል? ጥያቄዋ የብዙ ሰው ጥያቄ ነበር።

መልስ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። አንደኛ፣ በነሐሴ ወር በተደረገው አገር አቀፍ ዘመቻ የሚመረመረው ሰው እጅግ ስለ በዛ ቀድሞ ተደብቆ የነበረው ሁሉ ይቆጠር ጀመር። ሁለተኛ፣ መዘጋቱ ጊዜ ገዝቶልን ነበር፤ በእነዚያ ወራት ላቦራቶሪዎች ተስፋፉ፣ የሚሊኒየም አዳራሽ እንኳ የሕክምና ማእከል ሆነ። ሦስተኛ፣ የዕለት ጉርሱን በየዕለቱ ወጥቶ የሚያገኝ ሕዝብ ያለ ገደብ ቤት ሊቀመጥ አይችልም፤ ልጆችም ያለ ትምህርት ሊቀሩ አይገባም። አራተኛ፣ ክልከላው ቀለለ እንጂ አልቀረም። መመሪያ ቁጥር 30 መጨባበጥን ከልክሏል፣ ማስክን አዝዟል፣ የሁለት እርምጃ ርቀት እንዲጠበቅ ብሏል፣ ከ50 ሰው በላይ ለሚሰበሰብበት ጉዳይም ፈቃድ እንዲጠየቅ አድርጓል።

ችግሩ ሕዝቡ የሰማው የዚህን ግማሽ ብቻ መሆኑ ነው። “አዋጁ ተነሣ” የሚለው ቃል እንደ መብረቅ በአንድ ጊዜ ተሰማ። “በመመሪያ ተተካ” የሚለው ግን እየተንጠባጠበ ደረሰ፤ ያልደረሰበትም ቦታ ብዙ ነው። “ተነሣ” የሚለው ቃል ከአፍ ወደ አፍ ሲያልፍ “ኮሮና ጠፋ” ሆኖ ተገኘ። ማስኩ መጀመሪያ ወደ አገጭ፣ ቀጥሎ ወደ ኪስ ወረደ። የበሩ ጀሪካን ደረቀ።

ፑኝዶ ላይ ቆመን ስናየው

ነገሩን ከአዲስ አበባ ራቅ ብለን እንመልከተው። ከጋምቤላ ከተማ ወደ ደቡብ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ በጎግ ወረዳ ፑኝዶን ታገኛላችሁ። ጊሎ ወንዝ ከዚያ ሩቅ አይደለም። ፑኝዶ መግባትና መውጣት ምን እንደሚያስከፍል ቀድማ የምታውቅ ቦታ ናት። በ1980 ዓ.ም. ገደማ ከሱዳን ጦርነት በእግራቸው የሸሹ፣ ብዙዎቹም ያለ ወላጅ የመጡ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች የተጠለሉት በዚያ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ መጠለያው በድንገት ፈረሰ። ልጆቹ በጥድፊያ ተመልሰው ወደ ድንበሩ ሸሹ፤ ጊሎን ሲሻገሩም ብዙዎች በውኃና በጥይት አለቁ። ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ መጠለያው እንደገና ተከፈተ፤ እስከ ኮሮናም ዘመን ቆየ። ለእነዚያ ልጆች ከመግባቱ ይልቅ መውጣቱ ከፋ፤ ማንም የመንገዱን መድረቅ አይቶ “አሁን ውጡ” አላላቸውምና።

እንግዲህ በ2013 መጀመሪያ የክልከላው መላላት ወደዚህ ቦታ እንዴት እንደሚደርስ አስቡት። በዚያን ጊዜ የጋምቤላ ክልል ከ300 ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን ያስጠልል ነበር። አዋጁም መመሪያውም የተጻፈው በአማርኛ ነው። የመጠለያው ሕዝብ ግን የሚነጋገረው በኑዌር፣ በአኙዋ፣ በዲንቃ ቋንቋ ነው። አንድ መልእክት ሦስት አራት አፍ አልፎ ሲደርስ “ቀለለ” እና “አለቀ” በሚሉት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት በቀላሉ ይጠፋል። ሁለት እርምጃ ተራራቁ የሚለውስ? ራሽን የሚታደልበት ሰልፍ፣ የጋራ የውኃ ቦኖ፣ ቤተሰብ ሁሉ በአንድ ጣራ ሥር የሚያድርበት ጎጆ ለሁለት እርምጃ ቦታ የላቸውም። ትኩሳትም ቢሆን በጋምቤላ ቆላ ሰው ቶሎ የሚጠረጥረው ወባን ነው።

ስለዚህ በፑኝዶ “ተከፈተ” ሲባል መጠየቅ ፍርሃት አይደለም። ያለፈውን የሚያስታውስ ሕዝብ ይጠይቃል። ማን አለ? የተነሣው ምኑ ነው? የቀረውስ? እነዚህን ጥያቄዎች መመለስ የሚችለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ባለሥልጣን ሳይሆን ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ወጣት ነው። እሑድ ስብከት የሚተረጉመው፣ መዝሙር የሚያስተምረው፣ ስልክ ያለው ወጣት ማለት ነው። ቃሉን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ቢያስተላልፍ የሰው ሕይወት ያተርፋል፤ የሰማውን ወሬ ቢያስተላልፍ ግን ያው እጁ የሰው ሕይወት ያጠፋል።

ኅዳር 12 ቀን 1911

ይህ ግራ መጋባት በእኛ ትውልድ አልጀመረም። አያቶቻችን “የኅዳር በሽታ” ያሉት ወረርሽኝ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲመታ በከተማዋ ብቻ አሥር ሺህ ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነበር። ኅዳር 12 በየዓመቱ ቆሻሻ ሰብስበን የምናጨስበት፣ “ኅዳር ሲታጠን” የምንለው ልማድ ከዚያ መከራ ጋር ተያይዞ የሚነሣ ነው።

አሁን የሚያስገርመውን ስሙ። በዚያው ዓመት፣ በዚያችው ኅዳር 12 ቀን፣ በአሜሪካ የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ እኩለ ቀን ላይ ፊሽካ ተነፋ። ማስክ የማድረግ ግዴታ የተነሣበት ፊሽካ ነበር። ሕዝቡ በደስታ ማስኩን እያወለቀ መንገድ ላይ ጣለ። ሳምንታት ሳያልፉ በሽታው ተመለሰ፤ በጥር ግዴታው እንደገና ታወጀ። በዚህ ጊዜ ግን ሰዉ እንደ ቀድሞው አልታዘዘም፤ እንዲያውም ማስክን የሚቃወም ማኅበር ተቋቋመ። አንድ ጊዜ “አበቃ” የተባለን ነገር “አላበቃም” ብሎ ማሳመን ከባድ ነው።

በእኛም አገር የሆነው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከባዱ ጊዜ የመጣው ከተከፈተ በኋላ ነው። በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ በቀን ከሁለት ሺህ በላይ ሰው በበሽታው መያዙ ይነገር ነበር። ይሁንና በዚያን ጊዜ ቁጥሩን የሚያዳምጠው ጥቂት ነበር፤ አገሪቱም በሌላ መከራ፣ በጦርነት ውስጥ ነበረች። ክትባቱም የተጀመረው በዚያው ወቅት፣ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ ልክ በዓመቱ መጋቢት 4 ቀን 2013 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፉ የድንገተኛ አደጋ ጊዜ ማብቃቱን ያስታወቀው ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ነው። እስከ መጨረሻው በአገራችን ሞታቸው የተመዘገበው ከ7,500 በላይ ናቸው። እያንዳንዱ የአንድ ቤት ሐዘን ነበር።

አንዱ ወንበር ላይ ሁለት ሰው

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ጉባኤ እንመለስ። አዳራሾቻችን ሲከፈቱ በአንድ ወንበር ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ተቀመጠ። አንዱ ማስኩን አጥብቆ መስኮት ሥር ይሸሻል፤ ቤቱ አስም ያለባት እናት አለችው። ሌላው እጁን ለሰላምታ ዘርግቶ ይመጣል፤ ስድስት ወር ወንድሞቹን ናፍቋል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን “እምነት የለህም” አለው። የመጀመሪያው ሁለተኛውን “ለሰው ነፍስ ግድ የለህም” አለው። አንዳንዱ በዚህ ተቀይሞ ከኅብረቱ ቀረ፤ እስከ ዛሬም ያልተመለሰ አለ።

ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ 14 የጻፈው ለእንዲህ ዓይነት ጉባኤ ነው። አንዱ ሁሉን ይበላል፤ ሌላው ይጠነቀቃል። ጳውሎስ ለሚበላው የማይበላውን እንዳይንቅ፣ ለማይበላውም በሚበላው ላይ እንዳይፈርድ ነገረው። ከሁለቱ ማን ትክክል ነው ከሚለው ይልቅ ወንድምህ በአንተ ምክንያት እንዳይሰናከል የሚለው በለጠበት። አዋጅ ሲኖር ፖሊስ ይወስንልናል። አዋጅ ሲነሣ ግን የሚወስንልን ፍቅር ነው፤ እርሱ ደግሞ ከአዋጅ ይልቅ ብዙ ይጠይቃል። ሕግ የፈቀደልኝን ሁሉ ባደርግ የማይጠቅመው ሰው ማን ነው? ብሎ መጠየቅ ይገባናል።

ኖኅ ክዳኑን አንሥቶ ደረቅ ምድር ካየ በኋላም የጠበቀው ብቻውን ስላልነበረ ነው ብል ተሳሳትክ ትሉኝ ይሆን? ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ የልጆቹ ሚስቶች፣ ያ ሁሉ ፍጥረት ከእርሱ ጋር ነበር። እርሱ ቢቸኩል የሚሰጥመው እርሱ ብቻ አልነበረም።

ሌላ ወረርሽኝ፣ ሌላ መዘጋት፣ ሌላም መከፈት በዘመናችሁ ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ “ተከፈተ” ሲባል ከሁሉ ቀድማችሁ አትሩጡ፤ ከሁሉ በኋላ ቀርታችሁም የወጣውን አትርገሙ። የተነሣው ምን እንደ ሆነ፣ የቀረውም ምን እንደ ሆነ ጠይቁ፤ ለማይሰማው በቋንቋው ንገሩት። ከዚያም በአጠገባችሁ የሚፈራውን እጁን ይዛችሁ፣ እጅ መያዝ ባይፈቀድም በዓይናችሁ ፈገግ ብላችሁለት፣ አብራችሁ ውጡ።

*ለኅብረት ውይይት*

1. አዋጁ በተነሣ ጊዜ በቤታችሁና በጉባኤያችሁ የተባለውን ታስታውሳላችሁ? ምን ያህሉ እውነት ነበር?
2. በዚያን ጊዜ የተቀያየማችሁትና እስካሁን ያልታረቃችሁት ሰው አለ? በዚህ ሳምንት ምን ታደርጋላችሁ?
3. በአካባቢያችሁ መልእክት በቋንቋው የማይደርሰው ማን ነው? ማን ያድርስለት?