26 ወይስ 30?

"ጎማው ነው መኪናውን የሚሸከመው" እንላለን። እውነቱን ለመናገር ግን ተሸካሚው ንፋሱ ነው፤ ጎማው ንፋሱን አፍኖ የሚይዝ ከረጢት ነው። ይህ ተዘንግቶ ምን እንደደረሰ ላውጋችሁ።

ነገሩ የፎርድ ኤክስፕሎረር ነው። ፋየርስቶን ለሠራለት ጎማ ፎርድ ያዘዘው 26 ፒኤስአይ ነበር። በኋላ ይፋ የወጡ የፎርድ የውስጥ ሰነዶች እንዳሳዩት፣ ቁጥሩ ዝቅ ያለበት አንዱ ምክንያት ከፍ ያለው መኪና ቶሎ እንዳይገለበጥ ነው። ታድያ ከ26 ላይ ትንሽ ሲያመልጥ ምን ይቀራል? ቤተሰብ ከነሻንጣው ተጭኖ በቴክሳስና በአሪዞና የበጋ አስፋልት ላይ ሲበር፣ ንፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ በየዙሩ እየታጠፈ ይግላል። ሙቀቱ ውስጥ ያሉትን የብረት ሽቦ ንጣፎች ያላቅቃል። ከዚያ የላዩ ቆዳ ተገሽልጦ ይወጣል፤ መኪናውም ይገለበጣል።

ኦገስት 9 ቀን 2000 ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማ እንዲመለስ ጠራ። በአሜሪካ ብቻ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ፋየርስቶን "ጥፋቱ የመኪናው ነው፣ ንፋሱም 30 ይሁን" አለ፤ ፎርድ ደግሞ "ጎማው ነው" አለ። ወደ መቶ ዓመት የተጠጋ ሽርክና በ2001 በዚሁ ፈረሰ! የመንግሥት መርማሪዎች ጉድለቱን ያገኙት ጎማው ላይ ነው። እኔ ግን 26ትንም ነጻ አላወጣትም።

በ2000 ኖቬምበር ላይ ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት ሕግ ነው ዛሬ ንፋስ ሲጎድል ዳሽቦርዳችሁ ላይ የምትበራዋን መብራት ያመጣው። መብራቷ ግን ተሳቢን አትመለከትም። ለሽርሽር የሚጎተተው ቤት መሰል ተሳቢ ጎማው ቢተነፍስ ሹፌሩ በምን ያውቃል? ከፊት ያለው መሪ ምንም አይነግረውም እኮ።

አንድ የተለመደ ባለ 14 ኢንች የተሳቢ ጎማ ላይ 800 ኪሎ ገደማ ይሸከማል ተብሎ ተጽፎ ታያላችሁ። አጠገቡ ያለችውን "50 ፒኤስአይ" የሚያነባት ግን ጥቂት ነው። 35 ብቻ ከተሞላ አቅሙ ወደ 650 ኪሎ ይወርዳል። ቸርኬውም የራሱ ልክ አለው፤ ጎማው ቻለ ማለት ቸርኬው ቻለ ማለት አይደለም።

አሜሪካ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በዚህ በጋ ተሳቢ የምትጎትቱ ከሆነ ንፋሱን ጠዋት ሳትነሱ፣ ጎማው ሳይግል ለኩት። ልኩ የተጻፈበት ወረቀት በተሳቢው ግራ ጎን፣ ወደ ፊት ጠጋ ብሎ ተለጥፏል።