መልክ የሣለ፥ ሙያ ያወረሰ

የታላላቅ ሰዎችን መልክ መሣል ለሠዓሊ ክብርም ፈተናም ነው። ክብሩ ግልጽ ነው፤ ከሹማምንት ፊት ያቀርባል፥ እንጀራም ያበላል። ፈተናው ግን የተሣለው ሰው ሥልጣን የራሱ ሥልጣን እንዳይመስለው መጠንቀቁ ላይ ነው። ከዚህ ፈተና በደኅና የወጡ ሠዓሊ አቶ አለ ፈለገ ሰላም ነበሩ።

እኛን የደብረ ታቦርንና የገሳይን ሰዎች ነገሩ በቅርብ ይነካናል። ዓፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎችን አስቀምጠው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠርተዋል፤ ሕዝባቸውም ከእነዚያ ሰዎች ሙያ እንዲማር ይመኙ ነበር። ነገር ግን ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲሞቱ ያ ትምህርት ሥር ሳይሰድ ተቋረጠ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ በአገራችን አልጠፋም ነበር፤ የንጉሡን የሬሳ ፊት በወረቀት ያስቀረው ግን የእንግሊዝን ጦር ተከትሎ የመጣው የብሪታንያ ሙዚየም ሠራተኛ ሪቻርድ ሆልምስ ነው።

ሙያ በአገራችን ሥር እንዳይሰድ ያደረገው ሞት ብቻ አይደለም። የእጅ ሥራ ሲናቅ ኖሯል፤ ብረት የሚሠራው ቀጥቃጭ፥ ሸማ የሚሠራውም ቁጢት በል እየተባለ ይሰደባል። የተናቀውም ሰው በበኩሉ ሙያውን ከገዛ ልጁ በቀር ለማንም አያሳይም። እንዲህ ሲሆን አንድ ባለሙያ በሞተ ቁጥር አንድ ትምህርት ቤት ይዘጋል።

አቶ አለ በሰላሌ፥ በፍቼ ተወለዱ። በአሜሪካ አገር በቺካጎ የሥነ ጥበብ ትምህርት ተምረው በ1946 ዓ.ም. ተመረቁ። ወደ አገራቸውም ተመልሰው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን መልክ ከሣሉት የታወቁ ሠዓሊዎች አንዱ ሆኑ። ይህ ብቻውን በክብር ሊያኖራቸው ይችል ነበር። እርሳቸው ግን በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቁመው ዲሬክተር ሆኑ። የያዙትን ሙያ ከቤተ መንግሥት አውጥተው ለማያውቁት ሰው ልጅ ሰጡ።

ደግሞም በራሳቸው አሣሣል ብቻ አልተወሰኑም። እርሳቸው መልክን እንዳለ የሚሥሉ ሰው ሲሆኑ፥ በሚመሩት ትምህርት ቤት ከጀርመን አገር የተመለሰው ገብረ ክርስቶስ ደስታና ከፓሪስ የመጣው እስክንድር ቦጎሲያን አስተምረዋል። የእነዚህ አሣሣል ከእርሳቸው እጅግ የራቀ፥ ብዙ ሰውም በዚያን ጊዜ ግራ የሚጋባበት ነበር። በሙያው የሚተማመን ሰው የሌላውን ሙያ አይፈራም።

እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለሁ የንጉሠ ነገሥቱ ሥዕል ከጥቁር ሰሌዳው በላይ ተሰቅሎ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ሲወርዱ ሥዕሉም ወረደ፤ በግድግዳው ላይ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ቀረ። በዚያው ምስማር ላይ የሌላ መሪ ሥዕል ተሰቀለ፤ በ1983 ዓ.ም. እርሱም በተራው ወረደ። ግድግዳ እንዲህ ነው፤ የተሰጠውን ይሸከማል፥ ሲወሰድበትም ዝም ይላል።

አቶ አለ ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ግን ከሁለቱም መንግሥታት በኋላ ቆሟል። እርሳቸው በ2008 ዓ.ም. አረፉ፤ ትምህርት ቤቱም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚባለው እውነት ከሆነ፥ ስማቸውን ከመቃብር በላይ ያዋለው የሣሉት የንጉሥ ፊት ሳይሆን ያስተማሩት ተማሪ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ሠዓሊ ብትሆን፥ ሸማኔ ብትሆን፥ አናጢም ብትሆን፥ ሙያህን ይዘህ ወደ መቃብር አትውረድ። ልጅህን ስታስተምር የጎረቤትህንም ልጅ ከጎኑ አስቀምጠው።