ከሆድ የገባ ቱቦ፦ ጨጓራና ግድግዳው ሲለያዩ

በጁን 1822 በአሜሪካ ማኪናክ ደሴት፣ በቆዳ ነጋዴዎች መደብር ውስጥ፣ ጠመንጃ ባርቆ አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የተባለ ወጣት ካናዳዊ ሠራተኛን ግራ ጎኑ ላይ መታው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የጦር ሐኪሙ ዊሊያም ቦሞንት ይተርፋል ብሎ አልጠበቀም። ሰውዬው ተረፈ፤ ጨጓራው ላይ የተከፈተው ቀዳዳ ግን በ1880 እስኪሞት ድረስ አልተዘጋም። ቦሞንት ምግብ በክር እያሰረ በቀዳዳው እየሰደደ የምግብ መፈጨትን አጠና፤ ውጤቱን በ1833 አሳተመ፤ ዝናንም አተረፈ።

ብዙም የማይወራው ሌላው ነገር ነው። ሴንት ማርቲን የተረፈው ቁስሉ ሲያገግም የተቀደደው ጨጓራ ከሆድ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ስለቀረ ነው። ፍሳሹ ወደ ውጭ ወጣ እንጂ ሆድ ዕቃው ውስጥ አልተበተነም።

ሐኪሞች ይህን በእጃቸው ለመድገም ብዙ ሰው ከፍሎበታል። በ1837 ኖርዌያዊው የጦር ሐኪም ኤገበርግ ጉሮሮው ለተዘጋ በሽተኛ ጨጓራን ከፍቶ መመገብ ይቻላል አለ። በ1849 ሴዲዮ ስትራስቡርግ ላይ ሞከረው፤ በሽተኛው ሞተ። ከዚያ በኋላ የተሞከረባቸውም በብዛት ሞቱ። በ1876 ቬርኔይ ፓሪስ ላይ የጨጓራውን ጠርዝ ከሆድ ግድግዳ ጋር ሰፍቶ አንድ ወጣት አተረፈ።

መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1979፣ ክሊቭላንድ ውስጥ ጋውደረርና ፖንስኪ ሆድ ሳይከፈት አንድ ጨቅላ ሕፃን ላይ ቱቦ አስገቡ። የኢንዶስኮፒው መብራት ከውስጥ ሆድን ሲያበራ ቦታው ከውጭ ይለያል፤ በዚያ በመርፌ ይበሳል። ስፌት የለም። ጨጓራውን ከግድግዳው ጋር ይዞ የሚያቆየው ከውስጥና ከውጭ ያለው የቱቦው ማቆሚያ ብቻ ነው።

ሥራው ቀለለ፤ ስለቀለለም በዛ። የመርሳት ሕመማቸው ለጠና አረጋውያን ሁሉ ይደረግ ጀመር፤ ለእነሱ ዕድሜ እንደሚጨምር ወይም የሳንባ ምችን እንደሚከላከል ግን አልተረጋገጠም። የአሜሪካ የአረጋውያን ሐኪሞች ማኅበር በእጅ ማጉረስ ይሻላል ይላል።

አደጋውም ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ወጥቶ አልጋ አጠገብ መጣ። የሚበዛው የቁስሉ ማመርቀዝ ነው፤ አስቀድሞ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ይቀንሰዋል። ማቆሚያው ከልክ በላይ ከጠበቀ የውስጡ ጫፍ የጨጓራውን ሥጋ እየበላ ይቀበራል። አንዳንዴም መርፌው በመንገዱ ላይ ያለውን ትልቁን አንጀት ይበሳል።

የሚያስፈራው ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ጨጓራው ገና ሳይጣበቅ፣ ግራ የተጋባ በሽተኛ ቱቦውን መዥርጦ ሲያወጣው ነው። ጨጓራው ከግድግዳው ይሸሻል። ውጭ ያለው ቀዳዳ ግን እንደነበረ ይታያል፤ አስታማሚም ሆነ ጀማሪ ባለሙያ ቱቦውን በዚያው መልሶ ሊከተው ይችላል። ቱቦው ያለ ችግር የገባ ይመስላል፤ ያረፈው ግን ከጨጓራው ውጭ ነው። ቀጥሎ የሚሰጠው ምግብ ሆድ ዕቃው ውስጥ ይፈስሳል፤ ሴዲዮ ከ1849 ጀምሮ ሲታገለው የነበረው ሞት በዚህ በር ይመለሳል። ስለዚህ በእነዚያ ሳምንታት የወጣ ቱቦ ቤት ውስጥ አይመለስም። ሐኪም ቤትም መልሶ ካስገባው፣ አንድ ማንኪያ ምግብ እንኳ ከመሰጠቱ በፊት፣ በራጅ የሚታይ ፈሳሽ በቱቦው ተልኮ ጨጓራ ውስጥ መግባቱ ይታያል።